መስፈሪያው በማን እጅ ነው?

ጤፍ ሊሸምት ገበያ የወጣ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ የሚመረምረው ቁናውን ነው። ቁናው የማን ነው? ግርጌው ወደ ውስጥ የገባ አይደለምን? ሲሰፈር ይነቀነቃል ወይስ እንዲሁ ይታለፋል? አቡጄዲ በክንድ የሚገዛም ሰው ክንዱ ረዘም ያለ ዘመድ ይዞ መሄዱ የታወቀ ነው። ወላጆቻችን ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያደርጉት ሻጭ ሁሉ ሌባ ነው ብለው ስለሚያምኑ አይደለም፤ መስፈሪያው በሻጩ እጅ ብቻ ሲሆን ቅን ሰው እንኳ ወደ ራሱ እንደሚያደላ ስለሚያውቁ ነው።

ወደ ዘመናችን ዕቃ ስንመጣ ግን ይህ ጥንቃቄ እየጠፋ ነው። ለአንድ ቁና ጤፍ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው፣ በብዙ ሚሊዮን ብር የኮምፒዩተር አገልግሎት እንዲገዛ ሲሾም፣ ‹‹ይህ ሰርቨር በሴኮንድ ይህን ያህል ሺህ ትራንዛክሽን ይሠራል›› ተብሎ የቀረበለትን አንድ ቁጥር አምኖ ለመፈረም ይቸኩላል። ቁጥሩ እንዴት እንደ ተገኘ፣ በማን እንደ ተሰፈረ፣ ሲሰፈርም ምን እንደ ተተወ አይጠይቅም። ይህ ስሕተት መሆኑን፣ በተለይም ዛሬ ዳታቤዞች ሁሉ ወደ ምናባዊ ሰርቨሮች በሚዛወሩበት ጊዜ ስሕተቱ እጥፍ ድርብ እንደሚሆን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

‹‹የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሰርቨር ምን አገባው?›› የሚሉኝ ጓደኞች እንደሚኖሩ ዐውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። የኮርስ ምዝገባችን፣ የፈተና ውጤታችን፣ ከቤተ ሰብ የሚላክልን ገንዘብ፣ ሁሉም ያለው በዳታቤዝ ውስጥ ነው። ቁጥርን ማስላት የመሐንዲሱ ሥራ ይሁን፤ ቁጥሩ እውነተኛ ምስክር መሆኑን መጠየቅ ግን የማንኛውም የተማረ ሰው ግዴታ ነው። ምስክርን መመርመር ደግሞ ታሪክም፣ ሕግም፣ ሥነ ጽሑፍም የሚያስተምሩን ነገር ነው።

አስቀድመን ትራንዛክሽን ምን እንደ ሆነ እንረዳ። አንድ አባት ከደብረ ማርቆስ ለልጁ 500 ብር ላከ እንበል። ዳታቤዙ ከአባትየው ሒሳብ 500 ይቀንሳል፤ በልጁ ሒሳብ ላይ 500 ይጨምራል። ሁለቱ ሥራዎች ወይ አብረው ይፈጸማሉ፣ ወይ አብረው ይቀራሉ፤ መካከል ላይ መቆም የለም። ቴዎ ሄርደርና አንድሪያስ ሮይተር የተባሉ ሊቃውንት በ1983 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሌላ ሲሆን እገልጻለሁ) ይህን ጠባይ በአራት ቃል አጠቃለሉት፤ አለመከፈል፣ ሕግን መጠበቅ፣ ከሌላው ሥራ ጋር አለመደባለቅ፣ አንዴ ከጸደቀ በኋላ መብራት እንኳ ቢጠፋ አለመጥፋት። እነዚህን አራቱን የማይጠብቅ ፍጥነት ፍጥነት አይባልም። ገንዘቡን ሳይቈጥር የሚከፍል ገንዘብ ያዥም እኮ ፈጣን ነው።

ይህን ፍጥነት የመስፈር ታሪክ ራሱ ብዙ ያስተምራል። ጂም ግሬይ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1985 ዳታሜሽን በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ረቂቁን ለብዙ ባልደረቦቹ ልኮ ምክራቸውን ስለ ተቀበለ፣ ጽሑፉ የወጣው ‹‹ስሙ ያልተገለጸና ሌሎች›› በሚል ፊርማ ነበር። ያቀረበውም መስፈሪያ የባንክ ገንዘብ ያዥ ሥራ ነው፤ ገንዘብ ማስገባትና ማስወጣት። ከ100 ትራንዛክሽን 95ቱ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ መልስ ማግኘት አለባቸው ብሎም ደነገገ። ሻጮቹ ሐሳቡን ወደዱት። ወዲያውም ቁናውን ይነካኩት ጀመር። ገንዘብ ያዡን ከነተርሚናሉ፣ ከነኔትዎርኩ አስወጡና ዳታቤዙን ብቻውን ያለ ዕረፍት አስሮጡት። ቁጥሩ አደገ፤ ሥራው ግን የባንክ ሥራ መሆኑ ቀረ።

በዚህ ምክንያት በነሐሴ ወር 1988 ኦምሪ ሰርሊን ስምንት ኩባንያዎችን አሰባስቦ የትራንዛክሽን ማስኬድ ብቃት ምክር ቤት የሚባለውን፣ በአጭሩ ቲፒሲ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። ምክር ቤቱ በ1992 ያጸደቀው ቲፒሲ-ሲ የተባለው መመዘኛ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ነገሩ በመጋዘን የሚሠራ የጅምላ ነጋዴን ሥራ ይመስላል፤ አዲስ ትእዛዝ መቀበል፣ ክፍያ መቀበል፣ ትእዛዝ የት እንደ ደረሰ መመልከት፣ ዕቃ ማድረስ፣ የቀረውን ዕቃ መቍጠር። በተርሚናሉ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ሰው መሆኑ አልተረሳም። አዲስ ትእዛዝ ሲጽፍ 18 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ከዚያም በአማካይ 12 ሴኮንድ ያስባል። ከአዲሶቹ ትእዛዞች 100 እጅ አንዱ ሆነ ተብሎ የተሳሳተ ነው፤ ዳታቤዙ የጀመረውን ሥራ አፍርሶ ወደ ነበረበት መመለስ ይችል እንደ ሆነ እንዲታይ። ውጤቱንም ከመታተሙ በፊት ገለልተኛ መርማሪ ያየዋል፤ ዋጋውም አብሮ ይጻፋል። እንግዲህ ቁናው የጋራ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምናባዊው ማሽን እንለፍ። ቨርቹዋል ማሽን የሚሉት ይህ ነገር የትናንት ፈጠራ አይደለም፤ አይቢኤም በካምብሪጅ ማሳቹሴትስ በነበረው የምርምር ማዕከሉ በ1960ዎቹ ሠርቶታል፤ በ1972ም ቪኤም/370 ብሎ ለገበያ አቅርቦታል። አሳቡ ቀላል ነው። አንድን ትልቅ ኮምፒዩተር በሶፍትዌር ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር መስሎ እንዲታይ ማድረግ ነው። ከፋፋዩ ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ቪኤምዌር፣ ዜን፣ ኬቪኤም የሚባሉት የዚህ ዓይነቶች ናቸው።

በከተማችን ሰርቪስ ቤት የተከራየ ተማሪ ነገሩን ከመጽሐፍ ይልቅ በኑሮው ያውቀዋል። ግቢው አንድ፣ ቆጣሪው አንድ፣ ተከራዩ ግን ስድስት ነው። እያንዳንዱ በር ዘግቶ ሲቀመጥ የራሱ ቤት ይመስለዋል። ጎረቤት ምጣድ የጣደች ዕለት ግን አምፖሉ ይደበዝዛል። ምናባዊ ሰርቨርም እንዲሁ ነው፤ ዳታቤዛችን ብቻውን የተቀመጠ ይመስለዋል፣ ፕሮሰሰሩንና ዲስኩን ግን የማያያቸው ጎረቤቶች ይካፈሉታል።

በ1974 ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ ምናባዊ ማሽን ምን ማሟላት እንዳለበት ሲደነግጉ፣ በውስጡ የሚሠራ ፕሮግራም በእውነተኛው ኮምፒዩተር ላይ እንደሚሠራው ሆኖ መሥራት አለበት አሉ። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ከደንቡ አወጡ፤ አንደኛው የሚደርሰው ሀብት መጠን፣ ሁለተኛው የጊዜ ልዩነት ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ። ምናባዊ ማሽን ‹‹በሁሉ ነገር እውነተኛውን እመስላለሁ፤ ስለ ጊዜ ግን ቃል አልገባም›› ብሎ የተወለደ ነገር ነው። የፍጥነት መመዘኛ ደግሞ የሚሰፍረው ሌላ ምንም ሳይሆን ያንኑ ጊዜ ነው። ቃል ያልተገባበትን ነገር ነው የምንሰፍረው። ስለዚህ በምናባዊ ሰርቨር ላይ የሚደረግ ምዘና ከተራው ይልቅ በሦስት ቦታ መመርመር አለበት።

አንደኛው ሰዓቱ ነው። ሃይፐርቫይዘሩ አንዱን ምናባዊ ማሽን አቁሞ ለሌላው ተራ ሲሰጥ፣ የቆመው ማሽን እንደ ቆመ ላያውቅ ይችላል፤ ከእንቅልፍ የነቃ ሰው ‹‹ዐይኔን ብቻ ጨፈን አደረግሁ እንጂ አልተኛሁም›› እንደሚለው ማለት ነው። የውስጡ ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ፣ በዚያ ሰዓት የተሰላው ፍጥነት ከእውነቱ በላይ ይሆናል። ሊኑክስ ሌላው የወሰደበትን ጊዜ ‹‹የተሰረቀ ጊዜ›› ብሎ በግልጽ ይቈጥረዋል፤ የምዘና ወረቀቶች ግን ይህን ቁጥር ሳይጽፉ ሲቀሩ እናያለን። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ሰዓቱን የሚይዘው ከሰርቨሩ ውጭ ያለ ሌላ ኮምፒዩተር ይሁን።

ሁለተኛው ዲስኩ ነው፤ ይህኛው ከሁሉ ይከፋል። አንድ ትራንዛክሽን ‹‹ጸድቋል›› ከመባሉ በፊት፣ የተሠራው ነገር በዳታቤዙ መዝገብ ላይ ተጽፎ መብራት በማያጠፋው ቦታ መቀመጡ መረጋገጥ አለበት። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ በሴኮንድ የሚዞረው 120 ጊዜ ነው፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። እንግዲህ አንድ ደንበኛ ብቻውን፣ አንዱ ሳይጸድቅ ሌላውን ሳይጀምር ቢሠራ፣ በዚህ ዲስክ ላይ በሴኮንድ ከ120 እምብዛም ሊያልፍ አይችልም። ብዙ ደንበኞች አንድ ላይ ሲመጡ ዳታቤዙ የብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ይጽፋል፤ በባትሪ የተጠበቀ መቆጣጠሪያም አለ፤ የማይሽከረከረው ኤስኤስዲም ከዚህ እጅግ ይፈጥናል። በእነዚህ መንገዶች ቁጥሩ በሐቅ ያድጋል። ዳሩ ግን በአንድ ደንበኛና በአንድ ተራ ዲስክ 5,000 የሚል ቁጥር ከቀረበልን፣ በመካከል ‹‹ጽፌአለሁ›› ብሎ ያልጻፈ አንድ አካል አለ ማለት ነው። ያ አካል ብዙ ጊዜ ሃይፐርቫይዘሩ ነው። ከኬቪኤም ጋር የሚሠራው ኪውኢሚዩ የተባለው ሶፍትዌር ውስጥ የ‹‹ጻፍ›› ትእዛዝን ጨርሶ ችላ የሚል ማዘጋጃ አለ፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው በሐቀኝነት ‹‹አደጋ ያለው›› የሚል ስም ሰጥተውታል። ለሙከራ የሚጠቅም ነገር ነው፤ በእርሱ የተገኘን ቁጥር ለባንክ ይዞ መቅረብ ግን ግርጌው የገባ ቁና ይዞ ገበያ መውጣት ነው።

ትክክለኛነት ከፍጥነት ሲለይ ምን እንደሚከተል እኛ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች በዐይናችን አይተናል። በመጋቢት ወር 2016 በእኛ አቆጣጠር፣ ከ6ኛው ቀን ሌሊት አንሥቶ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ ሊያወጡና ሊያስተላልፉ ቻሉ። ባንኩ ምክንያቱ የውጭ ጥቃት ሳይሆን ከሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑን አስታወቀ። ገንዘቡን ካወጡት ብዙዎቹ ተማሪዎች እንደ ነበሩም ተነገረ፤ ዩኒቨርስቲዎችም የወሰዳችሁትን መልሱ የሚል ማስታወቂያ አወጡ። ያ ችግር ከምናባዊ ሰርቨር የመጣ ነው አላልሁም፤ አልልምም። የምለው ይህን ነው፤ በዚያች ሌሊት መኪናው ይከፍል የነበረው በፍጥነት ነው። በሴኮንድ ስንት የሚለው ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ቢኖረን ኖሮ ያች ሌሊት መልካም ሌሊት ተብላ ትመዘገብ ነበር።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። ሻጩ ምናባዊ ማሽኑን የሚመዝነው ግቢው ባዶ ሳለ፣ አንድም ምጣድ ሳይጣድ ነው። እኛ የምንኖርበት ግን ግቢው ከሞላ በኋላ ነው። በዚህ ረገድ ቲፒሲ በ2012 ያወጣው ቲፒሲ-ቪኤምኤስ የተባለው መመዘኛ እጅግ ደስ ያሰኘኛል። በአንድ ሰርቨር ላይ ሦስት ዳታቤዞች በየምናባዊ ማሽናቸው ሆነው በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ ውጤት ሆኖ የሚመዘገበው የሦስቱ ድምርም አይደለም፣ አማካይም አይደለም፤ ከሦስቱ ያነሰው ነው። ሰርቨሩ የሚመሰገነው በደካማው ተከራይ መጠን ነው ማለት ነው። ለቤትም፣ ለትምህርት ቤትም፣ ለአገርም የሚሆን መስፈሪያ ይመስለኛል።

ስለ አማካይም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ውሸት የሚደበቀው በእርሱ ውስጥ ነውና። 100 ትራንዛክሽኖች ቢደረጉና 99ኙ እያንዳንዳቸው በ10 ሚሊሴኮንድ፣ አንዱ ግን በ5 ሴኮንድ ቢፈጸም፣ አማካዩ ከ60 ሚሊሴኮንድ አያልፍም። ወረቀቱ ያማረ ነው። ነገር ግን አንድ ተማሪ ምዝገባውን ለመጨረስ 50 ትንንሽ ትራንዛክሽኖች የሚያስፈልጉት ከሆነ፣ መዘግየቱም በዕጣ እንደሚደርስ ብንቈጥረው፣ ከ100 ተማሪዎች 40 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ያችን የ5 ሴኮንድ መዘግየት ያገኟታል። ‹‹ከመቶ አንዱ ብቻ ነው›› የተባለው ነገር ከመቶ አርባውን ሰልፍ ላይ አቆመ። ስለዚህ የሚጠየቀው አማካዩ አይደለም፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠነኛው ስንት ቆየ የሚለው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። በ1983 በዊስኮንሲን ዩኒቨርስቲ ዴቪድ ዴዊትና ባልደረቦቹ የታወቁ ዳታቤዞችን መዝነው ውጤቱን ከነስማቸው አወጡ። ኦራክል በውጤቱ ደስ አልተሰኘም። ከዚያ በኋላ በፈቃድ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ገባ፤ የምዘና ውጤት ያለ ሻጩ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይወጣ የሚል። ሌሎች ሻጮችም ተከተሉት። አንቀጹ እስከ ዛሬ የሚጠራው በፕሮፌሰሩ ስም ነው። ጓደኞቼ፣ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። ጤፉን በገንዘብህ ገዝተህ ወደ ቤትህ ወስደህ፣ በራስህ ቁና ሰፍረህ፣ ሲጎድል ብታገኘው ለጎረቤትህ እንዳትናገር በውል ታስረሃል ማለት ነው። ዩኒቨርስቲ ማለት መርምሮ ያገኘውን የሚናገርበት ቦታ ከሆነ፣ ይህን አንቀጽ ያለ ተቃውሞ መፈረም ለዩኒቨርስቲ አይገባውም።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እገምታለሁ። የመጀመሪያው፣ ‹‹የመመዘኛ ሥራ ከእውነተኛው ሥራ የተለየ ስለ ሆነ መመዘን ራሱ ከንቱ ነው›› የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የመጋዘን ነጋዴ ሥራ የተማሪ ምዝገባ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው መስፈሪያን መጣል ሳይሆን የራሳችንን መስፈሪያ መሥራት ነው። የምዝገባው ሳምንት ምን እንደሚመስል ከእኛ ይልቅ ማን ያውቃል? ሁለተኛው፣ ‹‹ምናባዊ ሰርቨር ይህን ያህል ካስቸገረ ወደ ቀድሞው እንመለስ፤ ለያንዳንዱ ዳታቤዝ የራሱ ኮምፒዩተር ይገዛለት›› የሚለው ነው። በዚህም አልስማማም። ኮምፒዩተሩን በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈት አድርጎ ማቆም የድኻ አገር ሥራ አይደለም። ግቢ መጋራት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ስድስት ተከራይ ያለበትን ግቢ ብቸኛ ቪላ ነው ብሎ ማከራየት ነው።

እንግዲህ ትችት ብቻ እንዳይሆንብኝ ያሰብሁትን ላቅርብ። የተማሪዎች ማኅበራችን ለአስተዳደሩ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ያቅርብ። ምዝገባችንና ውጤታችን የሚቀመጥበት አገልግሎት ሲገዛ ወይም ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር፣ ከመፈረሙ በፊት አምስት ነገሮች ይሟሉ። አንደኛ፣ ምዘናው የሚደረገው ጎረቤቶቹ ሥራ ላይ ሳሉ ይሁን። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ከውጭ ይያዝ። ሦስተኛ፣ በምዘናው መካከል የሰርቨሩ መብራት ሆን ተብሎ ይጥፋ፤ ሲመለስም ‹‹ጸድቋል›› ተብሎ የነበረው ሁሉ በቦታው መገኘቱ አንድ በአንድ ይቈጠር። አራተኛ፣ ከአማካዩ ጋር ከመቶ ዘጠና ዘጠነኛው ይጻፍ፤ ምዘናውም ለአምስት ደቂቃ ሳይሆን ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ይቀጥል። አምስተኛ፣ ውጤቱን ማሳተም የሚከለክል አንቀጽ ከውሉ ይውጣ፤ አይወጣም የሚል ሻጭ ካለም ስሙ ከተወዳዳሪዎች ዝርዝር ይሰረዝ።

ለዚህ ሥራ ከባሕር ማዶ ሊቅ ማስመጣት አያስፈልግም። የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ጓደኞቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲፈልጉ በየዓመቱ እናያቸዋለን፤ እነሆ ርእስ። የሕግ ተማሪዎች ውሉን ያንብቡት። የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ዋጋውን ያስሉት። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎችም ውጤቱን ማንም ሊያነበው በሚችል አማርኛ እንጻፈው።

ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ከእኛ መካከል የሚገዙ፣ የሚሸጡና የሚፈርሙ ሰዎች ይወጣሉ። በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም እንደ ተባለው፣ ዛሬ ዝም ብለን ያለፍነው ቁና ነገ የምንሰፈርበት ነው። ማኅበራችን ጥያቄውን በዚህ የትምህርት ዘመን ውስጥ እንዲያቀርብ፣ የሚገኘውም መልስ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ በዚሁ መጽሔት ላይ ከነቁጥሩ እንዲታተም አሳስባለሁ።